የአሸዋ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ፦ ማላዊና ዩጋንዳ ሲጫወቱ እኛስ?

ባዶ እግር፦

ሰላም ቤተሰብ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የ2024ቱን የባህር ዳርቻ እግር ኳስ የአፍሪካ ዋንጫ ዩቲዩብ ላይ ሳይ አነጋሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትጨቃጨቁኝ።) ኦክቶበር ላይ ግብፅ፣ ሁርጋዳ የተደረገው ነው። ሴኔጋል ፍፃሜው ላይ ሞሪታኒያን አሸንፋ ወሰደች። ስምንተኛ ዋንጫዋ ነው። በተከታታይ ደግሞ አምስተኛ።

እኔን ያስገረመችኝ ግን ሴኔጋል አይደለችም፣ ማላዊ ናት። ከስምንቱ ቡድኖች አንዷ ነበረች። ማላዊ እንደኛው ባህር የላትም። ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ፣ 2022 ሞዛምቢክ ቪላንኩሎ ላይ ማላዊም ዩጋንዳም ነበሩ። 2021 ሴኔጋል ሳሊ ላይም ዩጋንዳ ነበረች። በሦስቱም ኢትዮጵያ የለችም።

እና ጥያቄዬ አጭር ነው። ለምን? "ባህር የለንም" የሚለውን መልስ አልቀበልም፣ ሌላ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ኳስ ወይስ ቀልድ፦

አቦ ተው። ዋናው ብሔራዊ ቡድን በሣር ላይ ስንት ዓመት አንገታችንን ሲያስደፋን ኖሮ አሁን ደግሞ አሸዋ ፈለግክ? ይሄ የቱሪስት መዝናኛ ነው። ስድስት ለአራት፣ ዘጠኝ ለሰባት የሚያልቅ ጨዋታ ኳስ ነው ወይስ ቅርጫት ኳስ?

አራጋቢ፦

ወንድሜ "ኳስ ወይስ ቀልድ"፣ እኔ ድሮ በክልል ደረጃ መስመር ዳኛ ነበርኩ። መጀመሪያ ሳየው እንዳንተው ነው የሳቅኩት። ሕጉን ሳነበው ግን ሳቄ ቆመ።

በአንድ ወገን አምስት ሰው ነው፣ በረኛውን ጨምሮ። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፣ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ። ሰዓቱ ስለሚቆም ኳስ አውጥቶ ደቂቃ መግደል የለም። ቅያሪ ገደብ የለውም፣ ሰው እየሮጠ ይገባል እየሮጠ ይወጣል። የሚለብሱት ጫማ የለም። ቁርጭምጭሚትህን በፋሻ ማሰር ትችላለህ፣ በቃ። ሜዳው ርዝመቱ ከ35 እስከ 37 ሜትር፣ ስፋቱ ከ26 እስከ 28 ሜትር ነው። አስበው፣ በረኛው ከራሱ ጎል ፊት ሆኖ ቢመታ ሊያገባ ይችላል። ያገባሉም።

የጎሉ ብዛት ምክንያት አለው። አሸዋ ላይ ኳስ አትንከባለልም። መሬት ለመሬት ብታቀብል ሁለት ሜትር ሄዳ ትቆምብሃለች። ስለዚህ ጨዋታው በሙሉ አየር ላይ ነው። በእግር ጣት ቆንጥሮ ማንሳት፣ በደረት ማብረድ፣ ሳትወርድ መምታት። መቀስ ምት በሣር ላይ በዓመት አንዴ ካየህ ታወራለታለህ፣ እዚህ በአንድ ጨዋታ ሦስት አራቴ ነው። አሸዋው ወገብህን ስለማይሰብር ማንም አይፈራም። ደግሞ ቅጣት ምት ላይ የሰው አጥር መሥራት አይቻልም። መቺውና በረኛው ብቻ ይተያያሉ። ጎል እንዴት አይበዛ?

አቻ የሚባል ነገርም የለም። 36 ደቂቃው እኩል ካለቀ ሦስት ደቂቃ ይጨመራል፣ ከዚያ ፍፁም ቅጣት ምት። በመደበኛው ሰዓት ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ በጭማሪው ያሸነፈ 2፣ በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፈ 1 ብቻ። ይሄን ሕግ ወደ ሣሩም ቢያመጡልን ደስ ይለኝ ነበር፣ ለነጥብ መጋራት ብቻ የሚመጡ ቡድኖችን ዳኝቼ ስለማውቅ።

ኳስ ወይስ ቀልድ፦

እሺ ጋሼ፣ ትምህርቱን ተቀብያለሁ። ግን ጫማ የማይለበስ ከሆነ እኔም ልጅ ሆኜ ፕሮፌሽናል ነበርኩ ማለት ነው 😂

ቅሪላ፦

😂😂 ሁላችንም! አስፋልት ላይ በካልሲ ኳስ። የአውራ ጣቴ ጥፍር እስካሁን ምስክር ነው።

ሐበሻ በካምፓላ፦

የዩጋንዳን ነገር እኔ ልመልስ፣ እዚህ ከከረምኩ ቆይቻለሁ። ቡድናቸው "ሳንድ ክሬንስ" ይባላል። ዋናው ብሔራዊ ቡድን "ክሬንስ" ነው፣ ባንዲራቸው ላይ ባለችው ወፍ። የአሸዋው ቡድን ደግሞ የአሸዋ ክሬን ሆነ።

ባህር የለም፣ የቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ግን አለ። እንቴቤ ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ቅዳሜና እሁድ ሰው ዓሣ ሊበላ ይሄዳል፣ ጎን ለጎን ኳስ አለ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ኳሱ ለመዝናናት ብቻ አይደለም። ሊግ አላቸው። የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ይጫወቱበታል። ተማሪ ነው የሚበዛው። አንድ እሁድ ሳይ ከተመልካቹ ግማሹ የክፍል ጓደኛ ይመስለኝ ነበር፣ ጩኸቱ የዶርም ጩኸት ነው።

ንጄሩ ደግሞ የፌዴሬሽናቸው የቴክኒክ ማዕከል አለ። ቦታው ጂንጃ አጠገብ ነው፣ ነጭ አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት። የእኛው አባይ ወንድም መነሻው ላይ የአሸዋ ኳስ ሲያይ ነው የሚውለው ማለት ነው። እኛ ጣና ዳር ቁጭ ብለን እናስባለን።

ጋሼ ምፅዋ፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ልቤ ወደ ድሮ ሄደ። እኔ በወጣትነቴ ምፅዋ ነበርኩ። ጉርጉሱም የሚባል ዳርቻ አለ። ፀሐይ ስትበርድ የባህር ኃይል ልጆችና እኛ ሲቪሎቹ እንገጥም ነበር። የጎሉ ቋሚ የታጠፈ ልብስ ነው። ሜዳው መስመር የለውም፣ አንድ ጎኑ ውኃ ነው። ኳሷ ባህር ከገባች ያስገባው ቡድን ዋኝቶ ያመጣታል።

ታዲያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአስመራ የመጡ ጎበዝ ኳስ ተጫዋቾች እዚያ ሲመጡ አሥር ደቂቃ አይቆዩም ነበር። ባታቸው ይያዛል። የምፅዋው ዓሣ አጥማጅ ልጅ ግን አብዶ ባይችልም እስኪመሽ ይሮጣል። አሸዋ የለመደውን ብቻ ነው የሚወደው።

ሰንደቅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ለዚህ ነው እኮ ወደብ ያስፈልገናል የምንለው! ባህሩን ማን ነው እንደዚያ አሳልፎ የሰጠው? መጀመሪያ ይሄን እንነጋገር እንጂ

አወያይ፦

ሰንደቅ፣ የወደብ ክር ሌላ ቦታ አለ፣ 214 ገጽ ደርሷል። እዚህ ስለ ኳስ ብቻ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉ።

ዳካርን ያየ፦

ጋሼ ምፅዋ ያሉት ነገር ነው የሴኔጋል ምስጢሩ። ሥራ ይዞኝ ዳካር አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ኖሬያለሁ።

ከተማዋ አትላንቲክ ውስጥ የገባች ምላስ ናት፣ በየት ብትሄድ ውኃ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ዮፍ ዳርቻ ብትወርድ ሰው ከአሸዋው ይበዛል። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ፑሽ አፕ ይሠራል። እዚያ ማዶ ትግል ተጋጣሚዎች አሸዋ ላይ ይለማመዳሉ። ትግሉን "ላምብ" ይሉታል፣ ከኳስ ያልተናነሰ ስታዲየም ይሞላል። ኳሱ ደግሞ በየሃምሳ ሜትሩ ነው። በክረምት "ናቬታን" የሚሉት የሰፈር ውድድር አለ። ሰፈር ከሰፈር ሲገጥም ጉድ ነው፣ እንደ ድሮው የአዲስ አበባ ሰፈር ጨዋታ በለው፣ ግን ሀገር ሙሉ።

አንድ ነገር ግን ላርም። ዳርቻ ላይ የሚጫወተው ልጅ ሁሉ የዚህ ውድድር ተጫዋች አይደለም። ልጆቹ የሚመርጡት ውኃው ሲሸሽ የሚቀረውን እርጥብና ጠንካራ አሸዋ ነው። እዚያ ኳስ ትንከባለላለች። ለውድድር የሚዘጋጀው ሜዳ ግን ደረቅና ጥልቅ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጥሃል። ይሄን ለብቻው ካልሠራህ ሴኔጋላዊ ሆነህም አትችለውም። ለዓመታት ያሠለጠናቸው ንጋላ ሲላ የሚባለው ሰው የሠራው ይሄንኑ ነው። በረኛው አል ሴይኒ ንዲያይ፣ ፊት ላይ ራውል ሜንዲ፣ እነዚህ ልጆች አብረው አረጁ ብትል ይሻላል። አንድ ቡድን አሥር ዓመት አብሮ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

2021 ሞስኮ የዓለም ዋንጫ ላይ ሩብ ፍፃሜ ብራዚልን በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 አባረሯት። ብራዚልን! ጨዋታውን የፈጠሩትን! ከዚያ በአዘጋጆቹ በፍፁም ቅጣት ምት ወጡ፣ ለሦስተኛነትም በስዊዘርላንድ 9 ለ 7 ተሸነፉ። (ኳስ ወይስ ቀልድ፣ ያልከው ዘጠኝ ለሰባት እውነት አለ።) በ2025ቱ ደግሞ እንደገና ግማሽ ፍፃሜ ደረሱ።

ባዶ እግር፦

2025ቱ ሲሼልስ የተደረገው አይደል? አፍሪካ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዳካርን ያየ፦

አዎ፣ ቪክቶሪያ ከተማ። ብራዚል ቤላሩስን 4 ለ 3 አሸንፋ ወሰደች። ቤላሩስም ባህር የላትም፣ ማስታወሻህ ላይ ጨምርልኝ። ስዊዘርላንድም የላትም።

ኳስ ወይስ ቀልድ፦

ቆይ ቆይ። ቤላሩስ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ? በረዶ ላይ ነው እንዴ የሚለማመዱት?

አራጋቢ፦

አሸዋውን አምጥቶ አዳራሽ ውስጥ መድፋት ነው። ውድድሩ ባህር አይጠይቅም፣ አሸዋ ነው የሚጠይቀው። ሕጉን እዩት። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ጠጠርና ዛጎል የተለቀመለት አሸዋ ይላል። ዋናው ነገር እሱ ነው።

የዱባይዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስለ ሕጉ አላውቅም፣ ግን በአካል አይቼዋለሁ። 2024 ፌብሩዋሪ ላይ የዓለም ዋንጫው ዱባይ ነበር፣ ዲዛይን ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር። ዓርብ እረፍቴ ነበር፣ አንዲት ግብፃዊት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ወሰደችኝ። ግብፅ ከአስተናጋጇ ኤምሬትስ ጋር አንድ ምድብ ነበረች። እሷ ቤቷ የሄደች ያህል ነው የሆነችው።

ባህር ዳር ነው ብዬ ነጠላ ጫማና መነፅር አድርጌ ሄድኩ። ባህር የለም! ሕንፃ መሃል ነው። አሸዋውን አምጥተው ደፍተው፣ ዙሪያውን ወንበር ሠርተውለታል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሰዎች በጎማ ውኃ ሲያጠጡት አየሁ። "አትክልት ነው እንዴ?" አልኳት። እግር እንዳያቃጥል ነው አለችኝ። እውነትም እዚህ ሀገር ፀሐይ ላይ የዋለ አሸዋ ምጣድ ነው።

ሙዚቃው አይቋረጥም። ጎል ሲገባ ብቻ ሳይሆን ሲሳትም ዘፈን ነው። ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ሳልሰለች አለቀብኝ። ቡርጅ ኸሊፋ ከኋላ እያበራ ልጆቹ ተገልብጠው ኳስ ሲመቱ፣ እናቴ ብታይ "እነዚህን ልጆች ማን ረገማቸው" ትል ነበር።

ኢትዮጵያ ብትኖር እዚህ ያለነው ብቻ ያን ወንበር እንሞላው ነበር። ይሄን አስቤ ትንሽ ከፋኝ እንጂ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

ቅሪላ፦

እህቴ የጻፍሽው ከውድድሩ ይልቃል 🙏

ሲኖትራክ፦

ሰላም። እኔ የግንባታ ሰው ነኝ፣ ኳስ አላውቅም። አራጋቢ 40 ሳንቲ ሲል ግን እጄ ካልኩሌተር ላይ ሄደ።

ሜዳው 37 በ28 ይሁን። ዙሪያውን አንድ አንድ ሜትር ጨምሩበት፣ ሰው ሲወድቅ ኮንክሪት ላይ እንዳይሆን። 39 በ30 ሆነ። በ0.4 ሲባዛ 468 ሜትር ኩብ። አንድ ሲኖትራክ 16 ኩብ ይጭናል። ስለዚህ ወደ 30 ቢያጆ (የመኪና ጭነት) አሸዋ ነው። ለኮንዶሚኒየም ብሎክ ከሚራገፈው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ነው። አንድ መካከለኛ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ይሄን ሳያስበው ይገዛዋል።

ችግሩ ብዛቱ ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ለሲሚንቶ የምንፈልገው አሸዋ ሻካራና ማዕዘን ያለው ነው፣ እንዲያያዝ። ባዶ እግር ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ይሄ መላጫ ነው። የተፈጨ ድንጋይማ ጭራሽ አይታሰብም። የወንዝ አሸዋ ወስዶ በደንብ መንፋት፣ አቧራውን ማጠብ ያስፈልጋል። ከታች ደግሞ ውኃ የሚያሳልፍ ነገር ካልተደረገ በክረምት ገንዳ ይሆናል። ይሄን ካደረግክ ደብረ ብርሃን ላይም ሜዳ ይሠራል። ብርዱን ግን እናንተ ቻሉት።

ባዶ እግር፦

ሲኖትራክ፣ ዛሬ ስምህን አስከበርክ!

ኳስ ወይስ ቀልድ፦

እሺ ሜዳው ተሠራ። ተጫዋቹስ? ቡድን ሰብስቦ በሁለት ሳምንት ልምምድ ወደ ማጣሪያ ልኮ በደርሶ መልስ አሥራ ምናምን ጎል ገብቶብን መመለስማ እንችልበታለን። የእኛ በሽታ እሱ ነው። ውድድር ሲመጣ ቡድን እንሠራለን፣ ሲያልፍ እንበትናለን።

ሐበሻ በካምፓላ፦

እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዩጋንዳም ሄዳ አሸንፋ አልመጣችም። ግን ሳምንት በሳምንት የሚጫወት ልጅ ስላላት ማጣሪያ ሲመጣ ከዜሮ አትጀምርም።

ዳካርን ያየ፦

ታሪኩንም እዩት። የአሸዋው የአፍሪካ ዋንጫ 2006 ደርባን ሲጀመር የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ብቻ ነበር፣ የመጀመሪያውን ካሜሩን ወሰደች። ናይጄሪያ 2007 እና 2009 ወሰደች። 2015 ሲሼልስ ላይ ማዳጋስካር ሳትጠበቅ ሴኔጋልን በፍፃሜ አሸንፋ ወሰደች። ከዚያ በኋላ ከሴኔጋል በቀር ሌላ ሰው ዋንጫውን ነክቶት አያውቅም። ለፍፃሜ የሚደርሱት ሁለቱ ናቸው ለዓለም ዋንጫ የሚያልፉት፣ ስለዚህ አንዱ ወንበር ሁልጊዜ የሴኔጋል ነው በሉት። ሌላው ሁሉ የሚሻማው ሁለተኛውን ነው።

ግን ያ ሁለተኛ ወንበር እየዞረ ነው። 2021 ሞዛምቢክ፣ 2022 ግብፅ፣ 2024 ሞሪታኒያ። 2022 ላይ ግብፅ ሴኔጋልን እስከ ፍፁም ቅጣት ምት ወስዳት ነበር። ሞሪታኒያ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ ነው ፍፃሜ የደረሰችው። በሣር ላይ የአፍሪካ ዋንጫ እንዲህ ያለ በር አይከፍትልህም።

ጋሼ ምፅዋ፦

የሣሩን ዋንጫ ከመሠረቱት አንዷ እኛ ነን ልጄ። በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ስንወስደው ሬዲዮ ሥር ነበርኩ። የአሁኖቹ በር እንዲከፈትላችሁ ስትጠብቁ ሳይ ይገርመኛል።

ባዶ እግር፦

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። አንድ የራሴን ላካፍላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ የሐይቅ ከተማ ላይ ትንሽ ውድድር ለማድረግ ፈቃድ ልንጠይቅ ሄድን። ያነጋገሩን ሰውዬ ደብዳቤውን አንብበው ቀና አሉና "ባህሩ የት ነው?" አሉን። ሐይቁ በመስኮታቸው ይታያል። "የአሸዋ ሜዳ ብቻ ነው" አልናቸው። "በቀጠሮ ተመለሱ" አሉ። ሦስቴ ተመለስን። አራተኛው ላይ እኛው ደከመን። ጥፋቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። እኛም ይሄን የሜዳ ስፋት፣ ጥልቀት፣ የሲኖትራኩን ሂሳብ ይዘን አልሄድንም። "ደስ የሚል ጨዋታ ነው" ብለን ነው የሄድነው።

ቅሪላ፦

አርባ ምንጭ አድርጉት። በረኛው ቢሰንፍ አዞ አለ።

አራጋቢ፦

የቅሪላን ሐሳብ በቀይ ካርድ አስወጥቻለሁ። (በነገራችን ላይ ቀይ ካርድ እዚህ እንደ ሣሩ አይደለም። የወጣው አይመለስም፣ ግን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ተተክቶ ይገባል።)

ሲኖትራክ፦

እኔ እኮ አሁን ነገሩ ያዘኝ። ቅዳሜ ሥራ ሐዋሳ ነበረኝ፣ እግረ መንገዴን ሐይቁ ዳር ወረድኩ። የፌሮ ቁራጭ ይዤ አምስት ቦታ ወጋሁት። አሸዋ የሚመስለው ላዩ ብቻ ነው። አንዱ ቦታ 10 ሳንቲ፣ ደህና የሚባለው 20 ሳንቲ ላይ ጭቃ ይመታል። አንድ ዓሣ የሚሸጥ ልጅ "ምን ጠፍቶህ ነው?" አለኝ። ስነግረው ጫማውን አውልቆ እዚያው አሸዋው ላይ ኳስ እንዳለ ሁሉ በአየር ላይ አንድ መቀስ ሞከረ። በጀርባው ወደቀ፣ ተነስቶ ሳቀ።

ባዶ እግር፦

ስለዚህ 30 ቢያጆ?

ሲኖትራክ፦

ከታች ያለው ጭቃ ከተቆረጠና ጠጠር ከተነጠፈበት 30። የልጁን ስልክ ተቀብያለሁ።